ምንጩን ያሟሸንበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 8፣ 2012

ነካሁት። «አይነካም» የሚለውን ጽሑፍ ለጎብኚ ስጠቁም ዓመት ከመንፈቅ የኖርኩት እኔ፣ በገዛ እጄ ነካሁት። መንካት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንኳኳሁት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። የምጠብቀው የኤግዚቢሽን ቤት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ሰፈር ነው፤ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ዛሬ ግን አዲስ ትርኢት ስለሚተከል ጠባቂ ያስፈልጋል ተብሎ ተጠራሁ። ከጃፓን የመጡ ዘጠኝ የሸክላ ሥራዎች ናቸው። ሠሪዋም አብረው መጥተዋል። ፍራው (ወይዘሮ) ሚናኪ ይባላሉ፤ ሰባን ያለፉ፣ ትከሻዬ ላይ የሚቀሩ፣ እጃቸው ግን የአናጢ እጅ የሚያህል ሴት። በወጣትነታቸው እዚህ አገር ተምረዋል፤ ጀርመንኛውን ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። ለኔ የሚሆነኝ እንዲህ ያለው ነው።

ሥራዎቹ እንስራ አይደሉም፣ ድስት አይደሉም። አንዱ የዛፍ ጉቶ ነው። አንዱ ከዝናብ በኋላ የፈላ እንጉዳይ ነው። አንዱ ጉም የለበሰ ተራራ። ቀለም የሚባል ነገር አልነካቸውም፤ እሳቱ ነው እንደፈቀደ ያደረጋቸው፣ ባንድ ጎን አጥቁሯቸው በሌላው አቅልቷቸው። ትልቁ «ምንጭ» ይባላል። ደረቴ ድረስ የሚመጣ ቋጥኝ ነው፣ አናቱ ላይ ጎድጓዳ አለው። እሁድ ሲከፈት ጎድጓዳው ውሃ ይሞላል፤ ውሃው እስከ አፉ ደርሶ ዝም ብሎ ይቆማል። ሰው የሚመጣው ያንን ሊያይ ነው።

ሁሉም ለምሳ ወጡ። ብቻዬን ቀረሁ። ጣቴን አጠፍኩና ጉቶውን ኳ፣ ኳ። እንጉዳዩን ኳ፣ ኳ። ገበያ ወጥታ ማሰሮ የምትገዛ ሴት ሁሉ የምታደርገውን ነው ያደረግኩት፤ እጄ አእምሮዬን አልጠየቀም። ስምንቱ እንደ ደወል መለሱልኝ። ምንጩ ላይ ስደርስ ድምፁ ሞተ። ድፍን ያለ፣ ጉንፋን የያዘው ድምፅ።

ዞር ስል ፍራው ሚናኪ በሩ ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው አለቃዬ ፍራው ሆልስት፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «ፍራው ጽጌ! ምን እያደረግሽ ነው?» የማውቀው ጀርመንኛ ሁሉ ጠፋኝ። ወደ ምንጩ እያመለከትኩ «ካፑት» አልኩ። ተበላሽቷል ማለቴ ነው።

አሮጊቷ ወደ ምንጩ መጡ። እንደኔው ጣታቸውን አጥፈው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ለኔ! በጠርሙስ ውሃ አስመጡና ጎድጓዳው ውስጥ አፈሰሱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከሥሩ ላብ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ቀጥሎ ጠብ፣ ጠብ። መንገድ ላይ ሲንገላታ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ገብታበታለች።

ፍራው ሆልስት «ነገ እንነጋገራለን» ብላኛለች። ሥራዬ ነገ ይኑር አይኑር አላውቅም። ለባሌ ለደምሴ ነገርኩት። «ስንጥቁን እንዴት አወቅሽው?» አለኝ። «በግምት» አልኩት።

ውሸት ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ነው። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ ግን ለዚህ አገር ሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ከሁሉ በላይ ለደምሴ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9

አልተባረርኩም! ተመስገን። ፍራው ሆልስት ለመናገር አፏን ስትከፍት ፍራው ሚናኪ ቀድመው «ጆሮዋን እፈልገዋለሁ» አሏት። እስከ እሁድ ድረስ ከሳቸው ጋር እንድሠራ ተወሰነ። ወንበሬ ላይ ሌላ ጠባቂ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ክርክር። ፍራው ሆልስት የሚያጣብቅ ኬሚካል ይገባበት፣ ባለሙያ እጠራለሁ ትላለች። አሮጊቷ አሻፈረኝ አሉ። «ታሟል እንጂ አልሞተም። ለታመመ ምግብ ነው የሚሰጠው።» እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የምራቸው ነው። የሠራተኛ ማዕድ ቤት ገብተው ሩዝ ጣዱ። ውሃ አብዝተው፣ ቀስ አድርገው፣ እንደ አጥሚት እስኪሆን ድረስ አማሰሉት። አገራቸው አዲስ የሸክላ ድስት መጀመሪያ የሩዝ አጥሚት ሳይቀቀልበት ውሃ አይያዝበትም አሉኝ። አጥሚቱ የሸክላውን ቀዳዳ ገብቶ ይደፍነዋል።

ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ «ይኼማ ማሟሸት ነው!» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። እኛም አዲስ ድስት ሳይሟሽ ወጥ አይሠራበትም፤ ምጣዱም በጎመን ዘር ይሟሻል። እያዳመጡ ማማሰላቸውን ተዉት። ሩዙ ሊያር ነበር።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማይነ ሙተር።»

በቃ እንዲሁ ወጣ። እናቴ። ፍራንክፈርት ውስጥ ስለሷ እውነት የተናገርኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ሰማይ አልተደፋም። ትኩሱን አጥሚት ተሸክመን ሄደን ጎድጓዳው ውስጥ ገለበጥነው፣ ብርድ ልብስ አለበስነው፣ ወደየቤታችን ሄድን። የሚገርም ቀን።

ማታ ሽሮ ሠራሁ። ደምሴ እየበላ «እናትሽን ነፍሷን ይማር፣ እጇን አውርሳሻለች» አለ። ወጥ በጣመው ቁጥር እንዲህ ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ነኝ ሞታለች ያልኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 10

አጥሚቱን ጠርገን ውሃ ሞላንበት። የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በግማሽ ሰዓት አንድ ጠብታ ይወርዳል። ፍራው ሆልስት ከሥሩ ነጭ የወረቀት ፎጣ አንጥፋ ጠብታውን ስትቆጥር ዋለች። እስከ ቅዳሜ ካልዳነ ያለ ውሃ ይታያል ብላለች። ውሃ የሌለው ምንጭ! አሮጊቷ ሁለተኛ አጥሚት አበሰሉ። ፊታቸው ግን ደክሟል።

የመሴ (የመጽሐፍ ትርኢት) ሳምንት ስለሆነ ኡ-ባኑ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጢም ብሎ ነበር፤ እስከ ሰፈሬ ቦናመስ ቆሜ ሄድኩ። እያሰብኩ። ሕንፃችን ስደርስ ሊፍት ውስጥ አልገባሁም። ሰው ብዙም የማይሄድበት ደረጃ ላይ ተቀምጬ ወደ እማዬ ደወልኩ። ሁልጊዜ ከዚያው ነው የምደውልላት።

«ምን ሆንሽ?» አለች፣ ከሰላምታ በፊት።

«ደህና ነኝ። እማዬ፣ የሚያነባ ሸክላ በምንድን ነው የምታስተካክይው?»

ስለ ሥራዋ ጠይቄያት አላውቅም፤ ከመንደር ከወጣሁ ወዲህ አንድም ቀን። «አንቺ ሸክላ ምን አገባሽ?» ታሪኩን ነገርኳት። በመጀመሪያ የጃፓንዋ ሴትዮ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ጠየቀች፣ ቀጥላ ጉልበታቸውን ያማቸው እንደሆነ። ከዚያ፦

«ተልባ አለ አገራችሁ?»

«አለ። ዳቦ ላይ ነው የሚነሰንሱት።»

«ዳቦ ላይ! አይ ፈረንጅ። ቁይው፣ ውቀጭው፣ በሙቅ ውሃ በጥብጪው። ሸክላውን መጀመሪያ አሙቂው። ትኩስ በትኩስ ቀቢው፣ ከዚያ በወንዝ ድንጋይ ፈትጊው። ሦስቴ። አትቸኩዪ፤ አንቺ ሁሌ ስትቸኩዪ ነው የምታበላሺው።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም «ሰውየው እንዳይሰማሽ» አለች።

«ደረጃ ላይ ነኝ።»

«ብርዱ እንዳይመታሽ በይ ግቢ።»

ጽጌ፣ ጻፊው እንግዲህ። ከጀመርሽ አይቀር።

ሠርጌ አዲስ አበባ ነበር፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት። የደምሴ ወገኖች ዘር ይቆጥራሉ። ሸክላ ሠሪ ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያርፍብሃል ይላሉ። ስለዚህ በእናት ወንበር ላይ እትዬ አስካለ ተቀመጠች፤ ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ ያሳደገችኝ የሩቅ ዘመዳችን ናት። እማዬ ከመንደር መጥታ በጓዳ በር ገባች። ከሚያግዙት ሴቶች ጋር ወጥ ቤት ዋለች። ይኼን ያሰብኩት እኔ ነኝ። እሷ እሺ አለች። «አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ» አለች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11

ዛሬ የሠራሁትን ልዘርዝር፦

ተልባ ከሱፐርማርኬት፣ ሁለት ፓኬት። ማዕድ ቤቱ ውስጥ ስቆላው ሽታው ቢሮ ድረስ ሄዶ ሁለት ሰዎች «ምንድን ነው የሚበላው?» ብለው መጡ።

ሙቀጫ የለም። በብርጭቆ ቂጥ ወቀጥኩት።

ማሞቂያ የለም። ፍራው ሆልስት የፀጉር ማድረቂያዋን ከቤት አስመጣች። ሥዕል አዋቂዋ አለቃዬ ቋጥኝ በፀጉር ማድረቂያ ስታሞቅ ሳያት ሳቄን ዋጥኩ። እሷ ግን አልዋጠችውም፣ ቀድማኝ ሳቀች።

የወንዝ ድንጋይ ፍራው ሚናኪ ከኪሳቸው አወጡ! ጥቁር፣ እንቁላል የሚያህል፣ ከሴት አያታቸው የተረፈ ነው አሉ። ሸክላ ሲያለሰልሱበት አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከመጀመራችን በፊት ምንጩ ፊት ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ሩዝ፣ በስኒ ውሃ አኖሩ። ሁለቴ አጨበጨቡና አንገታቸውን ደፉ። ጣዖት ይሆን? አልኩ። ጠየቅኳቸው። እሳቸውም «ለዕቃው አይደለም የምሰግደው፤ አፈሩን ከነበረበት ተራራ ስለወሰድኩት ነው የማመሰግነው» አሉኝ። በአገራቸው ትልቅ ዛፍና ትልቅ ድንጋይ ሲያዩ የሳር ገመድ ያስሩለታል፣ ባለቤት አለው ብለው። የመንደራችን አድባር ትዝ አለችኝ፤ ሰው ከሥሯ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። እማዬም አፈር ልትቆፍር ስትሄድ በስመ አብ ሳትል መቆፈሪያ አታነሣም፣ የመጀመሪያውን ጭብጥ መልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ትጥላለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እኔም አማተብኩ። ሁለታችንም በየመንገዳችን።

ከዚያ ፈተግኩ። ቀባሁ፣ አሞቅን፣ ፈተግኩ። ሦስቴ። ክንዴ ዛለ። እጄ ግን ያውቀው ነበር! ዘጠኝ ዓመት ከሞላኝ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ የእማዬን ድስት የማለሰልስ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ጥፍሬ ውስጥ አፈር ቢገባ የምሸማቀቅ ሴት ሆንኩ። ዛሬ ጥፍሬ ሥር ተልባና አፈር ይዤ በኡ-ባን ተቀመጥኩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ሳልከት።

ውሃ ሞላንበት። አንድ ሰዓት፣ ፎጣው ደረቅ። ሁለት ሰዓት፣ ደረቅ። ፍራው ሆልስት ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካካችው። ደረቅ!

ቤት ስደርስ ደምሴ አጥንት ቀቅሎ ጠበቀኝ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ ሦስት ገዝቷል። ልጃችን ሜላት ያለ ወትሮዋ ሁለት ሳህን መረቅ ጠጣች። ደስ የሚል ቀን። አምላኬ፣ ይኼን ቀን ስለሰጠኸኝ ተመስገን።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 12

ደስታዬ ዕድሜው አንድ ሌሊት ነው።

ጠዋት ስገባ ፍራው ሆልስት አንድ ወረቀት እያውለበለበች መጣች። ከምንጩ ጎን ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ነው። ፍራው ሚናኪ እንዲጻፍ ያሉት ነው። በጀርመንኛ ጥቁር በነጭ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሥራ በጉዞ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁን የሰማችውና ያዳነችው ጽጌ ናት። እናቷ በኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ ናቸው።»

ናቸው። ነበሩ አይደለም።

እሁድ ደምሴ ይመጣል። የጠዋት ሺኽቱን (ፈረቃውን) ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ጨርሶ በቀጥታ ሊመጣ ቃል ገብቷል። ሜላት ክፍሏ ላይ ለአስተማሪዋ ሁሉ ተናግራለች። ደምሴ ጀርመንኛ ያነባል፣ ሜላት ከሱ ይበልጥ።

ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ወጣሁና እንዲህ አልኩ፦ የኔ ስም ይሁን፣ እናቴን ግን አውጡልኝ። ፍራው ሆልስት ተገረመች፤ «ግን እኮ ታሪኩ እሷ ናት» አለች። ፍራው ሚናኪ አልተገረሙም። ሻይ ይዘውልኝ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ራሴ ነገርኳቸው። አገሬ ሸክላ የሚሠራ ሰው ይናቃል፣ ባሌ አያውቅም፣ አልኩ። ሞታለች ብዬ መዋሸቴን መናገር ግን አቃተኝ።

«በኛም አገር ቆዳ የሚሠሩ ሰዎች አሉ» አሉ። «ልጆቻቸው ከተማ ሲገቡ ሰፈራቸውን ይደብቃሉ። አውቃለሁ።» ሻያቸውን ጠጡ። «እንደፈለግሽ ይሁን። እሁድ ጠዋት ድረስ ጊዜ አለ።»

ፍራው ሆልስት ሁለቱንም አሳትማ እንደምታስቀምጥ ነገረችኝ፤ ከእናት ጋርና ያለ እናት።

ከእናት ጋርና ያለ እናት። ይኼን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጾም ነው፣ ምንም አልበላ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 13

ጠዋት ደረጃዬ ላይ ሆኜ ለእማዬ ደወልኩ። ውሃው አለመውረዱን ስነግራት እልል አለች። እውነተኛ እልልታ፤ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ። «ተልባው ነው!» አለች። ለጎረቤት የምትናገር ይመስላል፣ አጠገቧ ሴቶች ሲስቁ ይሰማኛል። ከዚያ ስለ ጽሑፉ ነገርኳት።

ሳቁ ቆመ። «አይጻፉት» አለች። «አንቺ ትዳር አለሽ። እኔን መጻፋቸው ምን ይጠቅመኛል? ስሜ ግድግዳ ላይ ቢወጣ እንጀራ አይሆነኝ። አስወጪው፣ የኔ ልጅ።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብትረግመኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በጓዳ በር ያስገባኋት ሴት ዛሬም በሩን ራሷ ልትዘጋልኝ ትሮጣለች። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤት ከነውሻዋ አልፋኝ ሄደች፣ ተመልሳም የወረቀት መሐረብ ሰጠችኝ። እሷንም እግዜር ይስጣት።

ከሰዓት በኋላ ደምሴ ከሥራ ገባ። ሜላት ዋና ሄዳለች። ልብስ ልናወጣ አብረን ኬለር፣ ማጠቢያ ማሽኖቹ ያሉበት ምድር ቤት፣ ወረድን። አንሶላ እያጣጠፍን ነበር፤ እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። እጁ አንሶላ ይዞ ስለሆነ እሱ አይሄድም፣ እኔም አልሸሽም ብዬ ሳይሆን አይቀርም ያኔ የተናገርኩት።

«ደምሴ፣ እናቴ አልሞተችም።»

ሁሉንም ነገርኩት። ሸክላውን፣ መንደሩን፣ ስልኩን፣ ደረጃውን። ሠርጋችን ላይ ነበረች አልኩት፣ ወጥ ቤት።

አንሶላውን እንደያዘ ቆመ። ማጠቢያ ማሽኖቹ ይዞራሉ።

«ቀጭን ናት?» አለኝ። «ሰማያዊ ነጠላ የለበሰች?»

«አዎ።»

«እጅ ያስታጠበችኝ ሴትዮ።» ድምፁ ተቀየረ። «ውሃውን አፍስሳልኝ ስታበቃ እጄን አልለቅ አለች። በፎጣ አደረቀችው፣ ጣት በጣት። እኔ ምን ልወቅ? ጉርሻ ፈልጋ መስሎኝ አሥር ብር ሰጠኋት።»

ይኼን አላውቅም ነበር። እማዬ ነግራኝ አታውቅም።

«ሸክላ ሠሪ ናት ብትዪኝ ያኔ ምን እል እንደነበር አላውቅም» አለ። «ልጅ ነበርኩ፣ ፈሪ ነበርኩ። ምናልባት እተውሽ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን ለአማቴ ጉርሻ ሰጠኋት፣ ጽጌ። ያንን ያሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

አንሶላውን በሥርዓቱ አጥፎ ቅርጫቱ ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሳሎን ተኝቷል። ለፍራው ሆልስት አጭር መልእክት ላክሁ፦ «ከእናት ጋር።»

እሁድ፣ ኦክቶበር 14

ደምሴ ሳልነቃ ለሥራ ወጥቷል። የኔ ሻይ በቴርሞስ ተቀድቶ ነበር። እንደ ይቅርታ ልቁጠረው ወይስ እንደ ልማድ? አላውቅም።

ከሜላት ጋር ሄድን። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ጽሑፉ ተለጥፏል። ሜላት እየሮጠች ሄዳ ስሜን ስታይ «ማማ! ዳስ ቢስት ዱ!» ብላ ጮኸች፤ አንቺ ነሽ ማለቷ ነው። ከዚያ ቀጣዩን መስመር አነበበች። እንደገና አነበበች። ወደኔ ዞረች።

«ማማ… ሌብት ዲ ኦማ?»

አያቴ በሕይወት አለች ወይ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተንበረከኩና «አዎ፣ አለች። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ» አልኳት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ቀድማ የጠየቀችኝ «ሁንድ አላት?» ብላ ነው። ውሻ። አንድ ሳይሆን ሁለት አላት አልኳት። ቁጣው በኋላ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ፣ ይገባኛልም።

ፍራው ሚናኪ ማንቆርቆሪያውን ለኔ ሰጡኝ። እኔ ላፍስ? ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አፈሰስኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ ሳልቸኩል። ውሃው ወጣ፣ ወጣ፣ አፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ጣሪያው ውስጡ ታየ፣ የሰዎቹ ፊት ታየ። ሥሩ ደረቅ ነው። ሰው አጨበጨበ። አሮጊቷ እጄን ያዙና «እናትሽን አመስግኚልኝ» አሉኝ። ምን ያህል እንዳመሰገንኳቸው በየትኛው ቋንቋ ልናገር?

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያ የለበሰ ሰው በበሩ ገባ። ልብስ እንኳ አልቀየረም። ደምሴ ማንንም ሳያይ በቀጥታ ወደ ጽሑፉ ሄደ። አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ እጁን ወደ ምንጩ ሥር ሰደደ።

ከልማዴ ብዛት «አይነካም» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የነካሽው?» አለ። አልሳቀም። ግን ተናገረኝ።

ሜላትን ይዞ ቀድሞኝ ወደ ቤት ሄደ። እኔ እስኪዘጋ ቆየሁ። ወለሉን ሳይ ዋልኩ። አንድም ጠብታ የለም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ዛሬ እኔም እሱም ሥራ የለንም። ሜላት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደምሴ ወጥ ቤት መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ስማቸው ማነው?»

አሥራ ሦስት ዓመት ተጋብተን የእናቴን ስም አያውቅም። «የሺመቤት» አልኩት። ቁጥሩን ጻፍኩለት። ለሁላችንም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቶ ደወለ።

«ሃሎ? እማማ የሺ? እኔ ደምሴ ነኝ። የጽጌ ባል።»

የእማዬ ድምፅ መጣ፦ «ምን ሆነች? ልጄ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት! አጠገቤ ናት። ማንም ምንም አልሆነም። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የደወልኩት።»

«ለምኑ?»

«ለአሥሩ ብር።»

እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሱንማ ጨውና ሳሙና ገዛሁበት» አለች። «ያን ዕለት እግዜር ይስጥልኝ አላልኩህም፣ አፌ ተሳስሮ። ሲቆጨኝ ኖረ። አሁን ልበልህ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ደምሴ ሁለቱንም እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። አባቱ ሲሞት ያለቀሰውን ያህል ነው ያለቀሰው። እማዬ በስልኩ ውስጥ «ኧረ በቃ፣ ወንድ ልጅ፣ በቃ» ትላለች። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ቀረሁ።

ሲረጋጋ ብዙ አወሩ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ። ልጁን ይዞ እንደሚመጣ ነገራት፤ በፊት በር እገባለሁ አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ በቁጣም በፍቅርም ባልሆነ ድምፅ «ለእናቴ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ አልነግርልሽም» አለኝ። እሺ አልኩ። አማቴን አውቃታለሁ። ከደምሴ ጋርም ገና ነን፤ ዛሬም አንሶላው ሳሎን ነው ያለው።

ሜላት ስልኩን ቀማችው። «ኦማ? ሃሎ ኦማ! እኔ ሜላት!» አማርኛዋ እዚያ ላይ አለቀ። በጀርመንኛ ጎረፈች፤ ስለ ውሾቹ፣ ስለ ምንጩ፣ ለምን እስካሁን እንዳልደወለችላት። እማዬ በዚያ በኩል «ምን አለች? ምን አለች ልጄ?» ትላለች። ሜላት ደግሞ እጅጌዬን እየጎተተች «ቫስ ዛግት ዚ?» ትላለች፤ እሷም ያው ምን አለች ማለቷ ነው።

ወንበር ስቤ መሀላቸው ተቀመጥኩ። የልጄን ለእናቴ፣ የእናቴን ለልጄ እየተረጎምኩ አመሸሁ። ለምን እስካሁን አልደወልሽልኝም የሚለውንም ተረጎምኩት፤ መልሱንም እኔ ተናገርኩ። አንድም ቃል አልደበቅኩም።